«ፊት ማንበብ አልችልም»

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በልጅነቴ ቃል-አልባ የመማር እክል እንዳለብኝ ተነግሮኛል። ንባብና ንግግር አይከብዱኝም። ሰው ሲከፋው ግን ከፊቱ አይገባኝም፤ ጓደኞቼም «ግድ የለሽም» ብለው ይርቁኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ግድ የለሽ ብትሆኚ ባልጻፍሽልኝ ነበር። ይህ እክል ያለበት ሰው አንደበቱ የተባ ስለሚሆን ችግሩ አይታይለትም። የሚከብደው በዓይን የሚታየውን ማገናዘብ ነው፤ አቅጣጫ፣ ርቀት፣ የፊት ገጽታ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ መመሪያ ራሱን የቻለ ምርመራ አድርጎ አላሰፈረውም፤ ስለዚህ ባለሙያ ስታማክሪ የልጅነት የምርመራ ውጤትሽን ይዘሽ ሂጂ።

የእኛ የሐበሾች ጨዋታ ደግሞ ለአንቺ ይብሳል። «ጠግቤያለሁ» ያለው እንግዳ ሁለቴ እስኪለመን ይጠብቃል፤ «ምንም አልሆንኩም» ያለችው ጓደኛሽ አኩርፋ ሊሆን ይችላል። ብርታትሽ ቃል ነውና በቃል ጠይቂ፦ «ዝም አልሽኝ፤ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ? እኔ ካልተነገረኝ አይገባኝም።» እክልሽን ለሁሉም ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ለምታምኛቸው ሁለት ሰዎች ይበቃል። ሠርግና ግብዣ ካደከመሽ ከአንድ ሰው ጋር ቡና ጠጪ፤ ወዳጅነት እዚያም ይጸናል።

በሥራ ቦታ መመሪያ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መነሻ ይሆንሻል። ጭንቀት እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ።