ዜሮ እና ነል፦ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው

ዳታቤዝ የነካካ ሰው ዜሮና ነል እንደማይመሳሰሉ ያውቃል። ዜሮ «ተቆጥሮ ምንም የለም» ማለት ነው፤ ነል ግን «ጭራሹኑ አልተቆጠረም»። ዛሬ ይህ ልዩነት ጤናን የሚነካበትን አንድ ምሳሌ እንይ።

ኤችአይቪ በደም ብቻ ሳይሆን በሴቶች ብልት ፈሳሽ ውስጥም ይገኛል፤ መጠኑም ሁልጊዜ በደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል አይሄድም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከዚያው ቦታ ናሙና ወስደው ይለኩታል። ናሙናውን ባለሙያ ሊወስድ ይችላል፤ ሴቷም ራሷ በስዋብ፣ ማለትም ጫፉ ጥጥ በሚመስል ቀጭን ዘንግ፣ ልትወስድ ትችላለች። ራሷ ስትወስድ መሳቀቁ ይቀንሳል። እኔ በምኖርባት አትላንታ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለክላሚዲያና ለጨብጥ ምርመራ ሴቶች ራሳቸው የወሰዱት ናሙና ባለሙያ ከወሰደው እንደማያንስ በመመሪያው አስፍሯል።

ቤተ ሙከራው ውስጥ የቫይረሱ አርኤንኤ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይቀየራል። ከዚያ ፒሲአር በየዙሩ በእጥፍ ያባዛዋል። 10 ዙር ማለት 2 በ10 ጊዜ ተባዝቶ 1,024 እጥፍ ነው። ስለዚህ በ25ኛው ዙር የታየ ናሙና በ35ኛው ከታየው አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ግን ስዋቡ በቅጡ ሳይነካ ቢወጣስ? ማሽኑ ምንም አያይም። ታዲያ ይህ ዜሮ ነው ወይስ ነል?

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከቫይረሱ ጎን ለጎን የሰው ጂን መፈለግ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲዲሲ ያወጣው የኮሮና ምርመራ አርኤንኤዝ ፒ የተባለውን የሰው ጂን አብሮ የሚፈልገው ለዚሁ ነበር። የሰው ጂን ከታየ ናሙናው በእርግጥ ከሰው ተወስዷል ማለት ነው። ወደ ኮድ ስንቀይረው፦

ቫይረስ ከታየ → «ቫይረሱ ታይቷል»
ካልታየ፣ የሰው ጂን ግን ከታየ → «በዚህ ናሙና ቫይረሱ አልታየም»
ሁለቱም ካልታዩ → «ናሙናው አልበቃም፤ እባክዎ እንደገና ይውሰዱ»

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በሲዲሲው የኮሮና ምርመራ ቫይረሱ በግልጽ ከታየ የሰው ጂኑ ባይታይም ውጤቱ ያው «ተገኝቷል» ነበር። የሰው ጂኑን መጀመሪያ ብትፈትሹ ግን ቫይረስ ያለበትን ናሙና «አልበቃም» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። በሶፍትዌሮቻችን «አልተገኘም» የምንለው ፋይል ሲጠፋም፣ ፍለጋ ባዶ ሲመለስም ነው። ይኸው ቃል በጤና መተግበሪያ ላይ ብቻውን ከተቀመጠ አንዲት እህታችን የጠፋውን ናሙና ከጠፋው ቫይረስ መለየት አትችልም። ስለዚህ ምን እንዳልተገኘ ባለቤቱን ጻፉ።

«ነጻ ነዎት» የሚለውንም አትጠቀሙ። ይህ ልኬት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን የታየውን ብቻ ይናገራል። ሰው ኤችአይቪ እንዳለበት የሚታወቀው ለዚያው በተዘጋጀ የደም ወይም የአፍ ፈሳሽ ምርመራ ነው። መድኃኒት የምትወስድ ሴትም ስዋቧ ላይ ምንም አልታየም ብላ ማቋረጥ የለባትም።

የቤት ሥራ፦ የራሳችሁን ኮድ ክፈቱና «አልተገኘም» የሚለውን ፈልጉ። ስንቱ ዜሮ፣ ስንቱ ነል ነው? በሚቀጥለው ትምህርት እንገናኝ።