ዜናው ከውሳኔው ይቅደም፦ የሰፈር መረጃና የነዋሪው ተሳትፎ በክብረ መንግሥት

መግቢያ

እንደሚታወቀው በእኛ ትምህርት ክፍል «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚለው ሐረግ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ ድረስ አይለየንም። ነገር ግን ከተሳትፎ በፊት መኖር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ወሬው ራሱ ነው። ሰው ባልሰማው ጉዳይ ላይ ሐሳብ ሊሰጥ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰፈር መረጃ ለነዋሪው እንዴት እንደሚደርስና ነዋሪው በምን በምን መንገድ ሊሳተፍ እንደሚችል፣ ተወልጄ ያደግኩባትን ክብረ መንግሥትን እንደ ምሳሌ ወስዶ መመርመር ነው።

ለማታውቋት አንባብያን፣ ክብረ መንግሥት በሌላ ስሟ አዶላ ትባላለች። ከሐዋሳ ተነስቶ በሀገረ ሰላምና በቦሬ አድርጎ ወደ ነገሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የጉጂ ከተማ ነች። የአዶላ ስም ሲነሳ ወርቅ አብሮ ይነሳል። ወርቅ ባለበት ደግሞ እንግዳ አይጠፋም። ጉጂው፣ ጌዴኦው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ አማራው በአንድ ሰፈር ይኖራል፤ አንዱ የአያቱን ቤት ይዞ፣ ሌላው ትናንት መጥቶ በኪራይ። ታዲያ እነዚህ ሁሉ የሰፈሩን ጉዳይ እኩል ይሰማሉ ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

የተሳትፎ መሰላል

ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ ተሳትፎን ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስላዋለች። የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ለስሙ ያህል የሚደረጉ ናቸው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል። ሦስተኛው መረጃ መስጠት፣ አራተኛው ማማከር፣ አምስተኛው ደግሞ ጥቂት ወንበር ሰጥቶ ማባበል ነው። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ግን ነዋሪው በእርግጥ ሥልጣን የሚጋራባቸው ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ መረጃ መስጠት ብቻውን ተሳትፎ እንዳልሆነ ሁሉ ያለ መረጃም ወደ ላይኛው ደረጃ መውጣት እንደማይቻል ነው።

በአካባቢያችን ያሉ ሦስት መንገዶች

አንደኛው ገዳ ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በጉጂ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይሸጋገራል፤ ሜኤ ቦኮ በሚባለው ሥፍራም ሕዝብ ተሰብስቦ ሕጉ ይነገራል። በቦረናም ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ይካሄዳል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ጊዜው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ስብሰባው በድንገት አይጠራም፤ ሕጉም በጓዳ አይቀርም፣ በአደባባይ ይነገራል።

ሁለተኛው እድር ነው። እድር በኢጣሊያ ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በከተሞች በሰፊው እንደተስፋፋ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። ጡሩምባ ነፊው ጎሕ ሲቀድ በየመንደሩ ሲዞር መልእክቱ አጭር ነው፦ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ። ከዚያ በኋላ ማንም ሥራውን አይጠይቅም። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወጣው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ይታወቃል። የቀረ ይቀጣል። እንግዲህ እድር ወሬውንና የሥራ ድርሻውን አንድ ላይ ነው የሚያደርሰው። በኤች.አይ.ቪ. ወረርሽኝ ጊዜም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ተሸጋግረዋል። ይሁን እንጂ እድር የአባላቱ ነው፤ ያልተመዘገበ ተከራይ ጡሩምባውን ቢሰማም አይጠራም።

ሦስተኛው ቀበሌ ነው። ቀበሌ የተወለደው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በዚያን ጊዜ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እስከ 100 ብር የሆነውን የቤት ኪራይ እየሰበሰቡ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመሳሰሉት የሰፈር ሥራዎች እንዲያውሉት ታስቦ ነበር። በደርግ ዘመን ግን ቀበሌ ነዋሪውን መቆጣጠሪያም ሆነ። ዛሬም ስብሰባ ሲባል ብዙ ሰው «ምን ሊያስከፍሉን ነው?» የሚለው ይህንን የመሰለ ትዝታ ስላለ ይመስለኛል። በሌላ በኩል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ ሠራተኛዋ ነዋሪውን ቢሮ አትጠራውም፣ ራሷ ቤቱ ትመጣለች።

መረጃ ሲዘገይ ምን ይከተላል?

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን የሚገኘው በዚሁ በጉጂ፣ በሻኪሶ አካባቢ ነው። ለ20 ዓመት ተሰጥቶ የነበረው ፈቃድ ለ10 ዓመት መታደሱ በ2010 ዓ.ም. ሲሰማ በጉጂ ከተሞች ሰልፍ ወጣ። ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል በሕፃናትና በከብት ጤና ላይ ጉዳት አድርሷል የሚል ቅሬታ ነበራቸው። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ፤ ሥራው እንደገና የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ልብ በሉ፣ ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነትን በሚመለከት ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ እንዳለበት ይናገራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። ሰልፉ የወጣው ግን የፈቃዱ መታደስ ከተሰማ በኋላ ነው። ሰው የተጠናቀቀ ነገር ሲነገረው የሚቀረው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ዝም ማለት፣ ወይ መንገድ ላይ መውጣት። ሁለቱም ደግሞ ያስከፍላሉ። ኩባንያውም ሠራተኛውም ነዋሪውም ሦስት ዓመት ያህል ከርመው ያዩት ይህንኑ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በእኔ አስተያየት ለሰፈር ነዋሪ የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

1ኛ. የሰፈር ማስታወቂያ የእድር ጡሩምባን ይምሰል። ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሚታይ፣ ከነዋሪው ምን እንደሚፈለግና ውሳኔው ተወስኗል ወይስ ገና ነው የሚለውን ይናገር። «ስብሰባ ስላለ እንድትገኙ» ብቻ በቂ አይደለም እኮ።

2ኛ. በአንድ ሰሌዳ አይወሰን። በእድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ፣ በገበያ ቀን፣ በስልክም ይነገር። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጮክ ተብሎ ቢነበብ ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ይሰማሉ።

3ኛ. ተከራዩና አዲስ መጤው ይቆጠር። አከራይ ወይም የቅርብ ጎረቤት ወሬውን ማድረስ ልማድ ቢያደርገው ወጪ የለውም።

4ኛ. ነዋሪው በጽሑፍ ይጠይቅ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደንግጎ፣ አፈጻጸሙን እንዲከታተል ኃላፊነቱን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሰጥቷል። በቃል የቀረበ ጥያቄ ይረሳል፣ ቀን ያለው ደብዳቤ ግን ይቆያል።

5ኛ. ውጤቱ ተመልሶ ይነገር። ሰው ያዋጣው ገንዘብ የት እንደገባ፣ የሰጠው ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ እንደሆነ ካልሰማ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ክብረ መንግሥት የተሳትፎ ልምድ አላጣችም። ገዳ ጊዜውን አስቀድሞ ማሳወቅን፣ እድር የሥራ ድርሻን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ቤት ድረስ መሄድን ያስተምራሉ። የሚጎድለው እነዚህን አገናኝቶ ወሬውን ከውሳኔው ማስቀደም ነው። እኛም የክፍሉ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደየመጣንበት ስንሄድ መጠይቅ ከማደላችን በፊት አንድ ቀላል ጥያቄ ይዘን ብንዞር እላለሁ፦ «በዚህ ሰፈር የመጨረሻውን ውሳኔ መቼ ሰሙ፣ ከመወሰኑ በፊት ወይስ በኋላ?» መልሱ ነዋሪው በመሰላሉ ላይ የት እንደቆመ ይነግረናል።