ለጎጆ ወጪዋ ልጄ፤ ስለ ወለል ጽዳት

ልጄ፣ አዲሱ ቤትሽ ሳሎኑ ሴራሚክ፣ መኝታው ሊሾ፣ ማድ ቤቱ የአፈር ወለል መሆኑን ነግረሽኛል። በላሊበላ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። በምን እንደምታጸጂው ስለጠየቅሽኝ የማውቀውን ልንገርሽ። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ማጽጃ አትፈልጊ፤ አንዱን የሚያጸዳው ሌላውን ያበላሻል።

1. ከውሃ በፊት መጥረጊያ ይቅደም። ዝናቡ መስከረም ላይ ካባራ ጀምሮ ቀዩ የላስታ አቧራ በጫማም፣ በበር ስርም፣ በመስኮትም ይገባል። የደቀቀ ድንጋይ ስለሆነ ሲረገጥ ሴራሚኩን ይቧጭራል፣ ሊሾውንም ይበላል። ሳይጠረግ ውሃ ካገኘው ደግሞ ጭቃ ይሆንና ከጥግ ወደ ጥግ ስታዞሪው ትውያለሽ። ከሁሉ የሚሻለው አቧራውን ደጅ ማስቀረት ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ወይም ቤተ ጊዮርጊስ ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን፤ በራፍሽ ላይም የጫማ ቦታ አበጂ። የአገራችን ሰው ልማዱን ስለሚያውቀው አይከፋውም።

2. የአፈሩን ወለል አትናቂው። አንድ ቀን ሲሚንቶ ይደረግበታል ብለሽ ከተውሽው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የቁንጫ ቤት ይሆናል። የቁንጫ እንቁላል ከመኝታና ከእንስሳ ላይ መሬት ይወርዳል፤ የሚፈለፈለው ትል ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ትቢያ እየበላ ያድጋል። እናቶቻችን ወለሉን በእበት የሚለቀልቁት ለማማር ብቻ አይደለም፤ ስንጥቁ ይደፈናል፣ አቧራውም ይያዛል። በእበቱ ውስጥ ያለው ያልተፈጨ የሣር ጭረት አፈሩን ያያይዘዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን በጠዋት ጀምሪ። ትኩስ የላም እበት አምጥተሽ ጠጠሩንና ጭራሮውን ልቀሚ፤ ከተነፋ አፈር ጋር ቀላቅለሽ እንደ አጥሚት እስኪሆን በውሃ ለውሺው። ወለሉን ጠርገሽ ትንሽ ውሃ አርከፍክፊበት፤ ደረቅ መሬት ላይ ከለቀለቅሽው ተልጦ ይነሳል። ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ተነሺና በመዳፍሽ ግማሽ ክብ እየሠራሽ ወደ በሩ አፈግፍጊ። ስስ ይሁን፤ ከወፈረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሩን ከፍተሽ ተዪው፤ ሲደርቅ ሽታው አብሮ ይሄዳል። ክረምት ላይ ስለማይደርቅ ሰኔ ሳይገባ፣ መስከረም ሲጠባና ለገና መለቅለቅ ይበቃል። ደግሞም በላስታ እንጨት ብርቅ ነው፤ እበቱ ለኩበትም ለማሳም ስለሚፈለግ ከሚገባው በላይ አታባክኚው። በየቀኑ የሚያስፈልገው ውሃ አርከፍክፎ መጥረግ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ አትለቅልቂ። ለአራስ ቤት ከሆነ ከመውለድ ብዙ ቀደም ብሎ ይለቅለቅና በደንብ ይድረቅ፤ የሕፃን እትብት እበት የነካ እጅ ፈጽሞ አይንካው።

3. ሊሾ በሎሚም፣ በኮምጣጤም፣ በሽንት ቤት አሲድም አይታጠብም። ሲሚንቶ ኖራ አለበት፤ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል። በመጀመሪያው ቀን የሚያበራ ቢመስልም ውሎ አድሮ ይሻክራል፣ ሻካራው ደግሞ እድፍ ይይዛል። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ላርጎ በቂ ነው፤ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃም ቢሆን ይሠራል፣ በጀሪካን ለሚቀዳ ሰው ትልቅ ቁጠባ ነው። ጠርገሽ ጠርገሽ ነጭ ብናኝ የማያልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጽዳት እንዳይመስልሽ። ሊሾው ሲሠራ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ነው፤ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት ነበረበት። የዚህ መድኃኒቱ ግንበኛ ነው። ናፍጣ ቀብተው የሚያስጌጡም አሉ፤ ከሰል በሚቀጣጠልበት ቤት ይህን አታድርጊ።

4. ሴራሚኩ ከሁሉም ይቀላል። ሁለት ባልዲ ያዢ፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን የምታለቀልቂበት። ሳሙና አታብዢ፤ ካልለቀቀ አቧራ ይስባል። ከወለወልሽ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አድርቂው፤ እርጥብ ሴራሚክ ሽማግሌ ይጥላል።

5. በረኪና የሚወጣው ሲያስፈልግ ነው፤ የሰው ደም፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ወለሉ ላይ ሲፈስ። መጀመሪያ ቆሻሻው ይነሳ፣ በሳሙናም ይታጠብ፤ ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ይጨርሰዋል። ከዚያ ሱቅ የሚሸጠው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር አድርገሽ አፍስሽበት፤ 10 ደቂቃ ቆይተሽ በውሃ ጥረጊው። ውህዱ ያድራል ብለሽ አታስቀምጪ፣ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ከአሲድ፣ ከሎሚና ከኮምጣጤ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን ለሠራተኛሽም በደንብ ንገሪያት፤ ማንበብ ካልቻለች ጠርሙሶቹን በተለያየ ቦታ አስቀምጪላት።

6. ደጃፍሽ ወይም መደብሽ በቀዩ ድንጋይ የተሠራ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጊው፣ ውሃም አታብዢበት። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ድንጋይ ውሃ ይመጥጣል፤ ብረት ሲነካውም ይፈረፈራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚያ ሕንጻዎች ትልቁ ሥጋታቸው ውሃ በመሆኑ ነው እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንዳንዶቹ በላይ ጣራ የቆመላቸው። ለድንጋዩ ደረቅ መጥረጊያ ይበቃዋል።

7. የወለወልሽበትን ውሃ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ አትድፊ። እንዶድ እንኳ የአገር ሳሙና ሆኖ ሳለ አረፋው በውሃ ውስጥ ያለ ፍጥረት ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ሲገድል መልካም ነው፣ ለዓሣው ግን ጥፋት ነው። በረኪና የሌለበትን ውሃ አትክልት ዳር አፍስሽው፤ በረኪና ያለበትን ሽንት ቤት ጨምሪው።

8. ለገና ምእመናን ከየአገሩ ሲመጡ የአንቺም ቤት እንግዳ ያርፍበታል። በዚያ ሌሊት ወለልሽ አልጋ ነው፤ ሰው ሰሌን ወይም አጎዛ አንጥፎ ፊቱን ከወለሉ አንድ ስንዝር አርቆ ይተኛበታል። ቀጤማ ለመጎዝጎዝ አትቸኩዪ። ቀድሞ ወለሉ ይጽዳ፣ ይድረቅ፤ ካልሆነ እርጥበቱ ከሥሩ ይታፈናል፣ ሊሾው ላይም አረንጓዴ እድፍ ይቀራል። የተጎዘጎዘው በማግስቱ ይጠረግ። አጎዛውና ሰሌኑ ፀሐይ ላይ ይራገፍ።

9. በጉልበት ተንበርክኮ መወልወልን ለማንም አታስለምጂ፤ ለራስሽም ቢሆን። ባለ እጀታ መወልወያ ብዙ አያስወጣም። ባለቤትሽም ይወልውል፤ በጫማው ያስገባው አቧራ ነው።

የመጀመሪያ ወር ገንዘብሽ ጠባብ ከሆነ ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ጥሩ መጥረጊያ፣ የበራፍ ምንጣፍና ሁለት ባልዲ ግዢ። በረኪናው ይቆይ።