የመውለድና ያለመውለድ ውሳኔ የማን ነው?



ወደ ክሊኒክ ከሚመጡ ባልና ሚስት መካከል በልባቸው የሚያመላልሱትን ጥርጣሬ አውጥተው የማይናገሩ አሉ። «ይህ ምክር ለእኛ ጥቅም ታስቦ ነው ወይስ ቁጥራችን እንዲቀንስ የፈለገ ሌላ ሰው አለ?» የሚል ጥርጣሬ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ጥርጣሬም የሚጎዳው ሲደበቅ ነው እንጂ ሲነገር አይደለም።

በዛሬው ትምህርታችን ይህ ጥርጣሬ እውነተኛ መሠረት የነበረበትን አንድ አገር እንመለከታለን። አገሩ አሜሪካ ነው። በዚያ በጥቁር ሴቶች ላይ ምን እንደደረሰ፣ ፊልምና ቴሌቪዥን ለዚህ እንዴት መንገድ እንደጠረጉ፣ ሴቶቹስ ምን መልስ እንደሰጡ እናያለን። በመጨረሻም ለእኛ ቤት የሚሆነውን ትምህርት እንወስዳለን። ሕገ መንግሥታችንን ከሚመለከተው በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ለአንድ ጉዳይ ሁለት ሚዛን

እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች የማህፀን ቱቦዋን ለማስቋጠር የምትፈልግ ሴት በአንድ የሂሳብ ስሌት ትመዘን ነበር። ዕድሜዋ በልጆቿ ቁጥር ተባዝቶ 120 ወይም ከዚያ በላይ ካልመጣ አይፈቀድላትም። የሠላሳ ዓመቷ ሴት አራት ልጆች ሊኖሯት ይገባል፤ ሦስት ብቻ ካሏት ውጤቱ 90 ስለሚሆን «ገና ነሽ» ተብላ ትመለሳለች። በዚህ ሚዛን የተቸገሩት በተለይ ኑሯቸው የተሻለ ነጭ ሴቶች ነበሩ። ልመናቸው «መውለድ ይብቃን» የሚል ነበር።

በዚያው ዘመን ደሀና ጥቁር የሆነች ሴት ሳትጠይቅ የመውለድ ችሎታዋን ልታጣ ትችል ነበር። በሚሲሲፒ ግዛት የጥቁሮችን የመምረጥ መብት በማስከበር ስሟ የታወቀው ፋኒ ሉ ሄመር፣ በ1961 እጢ ለማስወጣት ሆስፒታል ገብታ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ ማህፀኗ ወጣ። ይህ በእሷ ላይ ብቻ የደረሰ አልነበረም። በአካባቢው በጥቁር ሴቶች ላይ በዝቶ ይፈጸም ስለነበረ «የሚሲሲፒ ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና» የሚል የምሬት ስም ወጥቶለት ነበር።

በ1973 ደግሞ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ሁለት ጥቁር እህትማማቾች የማህፀን ቱቦአቸው ተቋጠረ። አንዷ 14፣ ሌላዋ 12 ዓመቷ ነበር። እናታቸው ማንበብና መጻፍ አትችልም። ልጆቿ እንደ ቀድሞው የመከላከያ መርፌ ይወጋሉ ብላ በማመን ከወረቀቱ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1974 ዳኛው በሰጡት ፍርድ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ፕሮግራሞች በየዓመቱ ከ100,000 እስከ 150,000 የሚደርሱ ደሀ ሰዎች የመውለድ ችሎታቸው በቀዶ ሕክምና እንደተቋረጠ ገለጹ። ከእነዚህ ውስጥ ቁጥራቸው በውል ያልታወቀ ሰዎች «እምቢ ካላችሁ የመንግሥት ድጎማ ይቀርባችኋል» እየተባሉ እንደተገደዱም አመለከቱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቀዶ ሕክምናው አንድ ነው። አንዷ ለምና የተነፈገችውን ሌላዋ ሳትለምን ተጫነባት። በሁለቱም በኩል የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የባለቤቷ ፈቃድ።

2. በፊልምና በወሬ የተሳለ ምስል

ሐኪሞችና ባለሥልጣኖች ይህን ያህል እንዲደፍሩ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ጥቁር አሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ መልስ ሰጥታለች። በሕዝብ መካከል ደጋግመው የሚታዩ ምስሎች ሰውን የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ይሆናሉ ትላለች። ስለ አንዲት ሴት አስቀድሞ የተሳለ ሥዕል በአእምሮአችን ካለ፣ ሴትዮዋ ራሷ የምትናገረው አይሰማንም።

ከእነዚህ ምስሎች የመጀመሪያው የታማኝ ሞግዚት ምስል ነው። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው የ1939 ፊልም የጥቁር ሞግዚት ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 የኦስካር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ሆናለች። በሽልማቱ ምሽት ግን ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ ለብቻዋ ጠረጴዛ ተሰጥቷት ነበር። በእንዲህ ዓይነት ፊልሞች ሞግዚቷ የነጮቹን ልጆች በፍቅር ታሳድጋለች። የራሷ ልጆችና የራሷ ቤት ግን አይታይም።

ሁለተኛው ምስል ስሜቷን መግዛት የማትችል ሴት ምስል ነው። ከባርነት ዘመን የመጣ ሲሆን፣ የጌቶችን ጥቃት የሴቲቱ ጥፋት አስመስሎ ለማቅረብ ያገለግል ነበር።

ሦስተኛው ድጎማ ለማግኘት ብላ የምትወልድ ሴት ምስል ነው። ሮናልድ ሬገን በ1976 የምርጫ ዘመቻው በብዙ ስም ድጎማ ስለምትሰበስብ አንዲት የቺካጎ ሴት ደጋግሞ ይናገር ነበር። የአንዲት ሴት ወንጀል የብዙ ሺህ ድሆች እናቶች መልክ ተደርጎ ተወሰደ። ሰው «የድጎማ ንግሥት» ሲባል ቶሎ የሚታየው የጥቁር ሴት ፊት ሆነ፤ ድጎማውን ከሚቀበሉት ውስጥ እጅግ ብዙ ነጭ እናቶችም ነበሩ።

ምስል በሰው እጅ እንደሚሳል ሁሉ በሰው እጅ ሊታረምም ይችላል። ከ1974 እስከ 1979 «ጉድ ታይምስ» የሚባል የአንድ ደሀ ጥቁር ቤተሰብ ታሪክ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። እናቲቱን ሆና የተጫወተችው ኤስተር ሮል ሥራውን ስትቀበል ቤተሰቡ አባት እንዲኖረው አጥብቃ ጠየቀች፤ ተሳካላትም። ባልና ሚስት ሆነው በችግር መካከል ልጆቻቸውን በክብር የሚያሳድጉ ጥቁሮች በየቤቱ ታዩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን አባቱን የሚጫወተው ጆን ኤሞስ ከአዘጋጆቹ ጋር ባለመስማማቱ ተሰናበተ፤ በታሪኩም አባትየው እንዲሞት ተደረገ።

ምስሉ ወደ ክሊኒክ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ወደ 1990 እንሂድ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወር ኖርፕላንት የተባለው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር መከላከያ በአሜሪካ ተፈቀደ። ስድስት ቀጫጭን ዘንጎች ያሉት፣ እስከ አምስት ዓመት የሚያገለግል ነበር። ከተፈቀደ ገና በቀናት ውስጥ አንድ የፊላደልፊያ ጋዜጣ በርዕሰ አንቀጹ የጥቁሮችን ድህነት ከዚህ መከላከያ ጋር አያይዞ፣ ድሆች ሴቶች እንዲጠቀሙበት ማበረታቻ ይሰጣቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቁጣ ሲነሳ በዚያው ወር ይቅርታ ጠየቀ። ይሁን እንጂ ድጎማ የሚቀበሉ ሴቶች መከላከያውን ካስገቡ ገንዘብ ይከፈላቸው የሚሉ የሕግ ሐሳቦች በአንዳንድ ግዛቶች ቀረቡ። መድኃኒቱ ለፈለገችው ሴት ጥሩ ነበር። ችግሩ የደሀዋን ችግር ለማስፈራሪያና ለማባበያ መጠቀሙ ላይ ነው።

3. «መከላከያውን ጣሉት» ለተባለው የተሰጠ መልስ

ይህን ሁሉ ያዩ አንዳንድ ጥቁር ወንዶች በ1960ዎቹ መጨረሻ «የእርግዝና መከላከያ ዘራችንን ለማጥፋት የመጣ ነው፤ እንክብሉን ጣሉት፤ ውለዱ» ማለት ጀመሩ። ፍርሃታቸው ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ጥቁር ሴቶች ግን በዚህም አልተስማሙም።

ለአሜሪካ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው ሸርሊ ቺዝም በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ይህ ንግግር የወንዶች ንግግር እንደሆነ አመልክታ፣ እናቶች አራርቆ የመውለድ አገልግሎት እንደሚፈልጉ ጻፈች። በዚያው ዓመት ደራሲዋ ቶኒ ኬድ ባምባራ ስለ እንክብሉ በጻፈችው ጽሑፍ፣ የመንግሥትን ሐሳብ መጠራጠር ተገቢ መሆኑን ሳትክድ፣ እንክብሉ ለሴቲቱ የሚሰጣትን ምርጫ ማንም እንዳይነጥቃት ተከራከረች።

የሁለቱ ሴቶች ሐሳብ ቀላል ነው። «አትውለጂ» ብሎ የሚያዝ ባለሥልጣንና «ውለጂ» ብሎ የሚያዝ የሠፈር ሰው በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚያረግዘውን፣ የሚያምጠውንና ሌሊት የሚነቃውን ሰው አልጠየቁም።

4. ከልቅሶ ወደ ሕግ

ሴቶቹ በማማረር ብቻ አልቀሩም። ትውልደ ፖርቶ ሪኮ የሆነችው ሐኪም ሄለን ሮድሪገዝ ትሪያስና ጓደኞቿ በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ያለፈቃድ ማስቋጠርን የሚቃወም ኮሚቴ አቋቋሙ። ትግላቸው ፍሬ አፍርቶ በ1978 የአሜሪካ መንግሥት ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት በመንግሥት ገንዘብ የማህፀን ቱቦ የሚቋጠረው ዕድሜዋ 21 ዓመት ለሞላ ሴት ብቻ ነው። በሚገባት ቋንቋ ይገለጽላታል። ከፈረመችበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 30 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣታል። ሐሳቧን ብትለውጥ ድጎማዋ አይነካም።

የሚያስገርመው፣ ደንቡን ከተቃወሙት መካከል ነጭ የሴቶች መብት ተከራካሪዎችም ነበሩ። «ለምነን የተከለከልነውን አሁን ደግሞ 30 ቀን ጠብቁ ልንባል?» አሉ። ጥቁርና ላቲን አሜሪካውያን ሴቶች ግን 30ው ቀን ለእነርሱ አጥር መሆኑን አስረዱ። ቀደም ሲል በ1975 በሎስ አንጀለስ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ እናቶች በምጥ ላይ ሳሉ በማያውቁት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት እንዳስፈረሟቸው ገልጸው ከስሰው ነበር። በ1978 ዳኛው ባይፈርድላቸውም ክሱ ሕዝብን አነቃ።

በ1994 ቺካጎ ውስጥ የተሰበሰቡ ጥቁር ሴቶች ይህን ሁሉ ልምድ በአንድ ሐሳብ ጠቀለሉት። በኋላም ሐሳቡ በሦስት መብቶች ተዘረዘረ፤ ያለመውለድ መብት፣ የመውለድ መብት፣ የወለዱትን ልጅ ከሥጋት ነፃ በሆነ ሁኔታ የማሳደግ መብት። የሕግ ምሁሯ ዶሮቲ ሮበርትስ በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ ታሪኩን ከባርነት ዘመን ጀምሮ ተንትናዋለች።

5. ለእኛ የቀረበ ምሳሌ

ታኅሣሥ 2012 አንድ የእስራኤል ቴሌቪዥን ፕሮግራም ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶችን አነጋገረ። አንዳንዶቹ ወደ እስራኤል ከመግባታቸው በፊት በመጠባበቂያ ጣቢያዎች ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የሦስት ወር መርፌ በግፊት እንደተወጉ፣ አንዳንዶቹም ክትባት እንደመሰላቸው ተናገሩ። የሚመለከታቸው ክፍሎች ማስገደድ አልነበረም ብለው አስተባበሉ። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ስለ መርፌው በትክክል መረዳቷ ለሚያጠራጥር ሴት ሁሉ መርፌው እንዳይታደስ ለሕክምና ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፉ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው ባደረገው ምርመራ በግዳጅ ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

ሁለቱም ወገን የተናገረው እዚህ ቀርቧል። ከክርክሩ ውጭ ሆኖ የሚቀር አንድ ቁም ነገር ግን አለ። መርፌ የተወጋች ሴት ስለ ምን እንደተወጋች ካላወቀች፣ ጉልበት የተጠቀመባት ሰው ባይኖር እንኳ ምርጫ ነበራት ማለት አይቻልም።

6. በእኛ ቤት ምን እናድርግ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ የሚሠራው ስንጠቀምበት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ሆናችሁ ስትመጡ የሚከተሉትን ለመጠየቅ አትፈሩ።

ሀ/ ይህ መከላከያ ጊዜያዊ ነው ወይስ ዘላቂ? እንክብል፣ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና ሉፕ ጊዜያዊ ናቸው። የሴትም ሆነ የወንድ ቱቦ ማስቋጠር ግን ዘላቂ ተብሎ የሚወሰን ነው።

ለ/ ብተወው መቼ እንደገና አረግዛለሁ? ከሦስት ወር መርፌ በኋላ እርግዝና ለብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል። ቶሎ መውለድ የሚያስቡ ባለትዳሮች ይህን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ሐ/ ለማስወጣት ስፈልግ ማን ያወጣልኛል? በክንድ የሚቀበረውም ሆነ ሉፕ ጊዜው ባይደርስም በፈለጋችሁ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ ሊወጣ ይገባል።

መ/ ምን የጎንዮሽ ጉዳት አለው? የወር አበባ መዛባት፣ ራስ ምታት ወይም የክብደት ለውጥ ቢታይ ምን ላድርግ?

ሠ/ ሌላስ ምን አማራጭ አለ? አንድ ብቻ ከቀረበላችሁ ስለ ሌሎቹ ጠይቁ።

ባሎች ሆይ! ውሳኔውን ለሚስት ብቻ ጥሎ መሄድ ነፃነት መስጠት አይደለም፤ በእሷ ፋንታ መወሰንም መተሳሰብ አይደለም። አብሮ መጥቶ፣ አብሮ ሰምቶ፣ ሰውነቱ የእሷ መሆኑን ማክበር ነው። እናቶችም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል አማት ወይም ጎረቤት ቢገጥማችሁ፣ ልጅ በዕድሉ ብቻ ሳይሆን በወላጆቹ አቅምና ጤናም እንደሚያድግ በትህትና አስረዱ። አንድ ተጨማሪ ልጅ ከፈለጋችሁም በማንም ፊት አትፈሩ። የሥራችን ዓላማ የልጆችን ቁጥር ማሳነስ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ልጅ ታስቦና ተፈልጎ እንዲወለድ ነው።

ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። «እስቲ ቤት ሄደን እንነጋገርበት» ማለት መብታችሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የ120ው ስሌትና የአላባማዎቹ እህትማማቾች ታሪክ በምን ይለያያሉ? በምንስ ይመሳሰላሉ?

2. በምታዩአቸው ፊልሞችና ድራማዎች ብዙ ልጆች ያሏት ደሀ እናት እንዴት ትቀርባለች? ልጅ ያልወለደችውስ? እናንተ የምታውቋቸውን ሴቶች ይመስላሉ?

3. ስለ ልጆቻችሁ ቁጥር እስከ ዛሬ በግልጽ ተነጋግራችኋል? ካልተነጋገራችሁ ያገዳችሁ ምንድን ነው?