ጠመንጃው ወደ ማን ዞሯል?

አሰላ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ።

ተማሪዋ፦ አባባ፣ ዩኒቨርሲቲ ክርክር አለብን። ርዕሱ «ለጦርነት መዘጋጀት ለአገር ሰላም ያመጣል ወይ?» የሚል ነው። እርስዎ ታሪክ አስተምረዋል፣ ኦጋዴንም ዘምተዋል ብዬ መጣሁ።

መምህሩ፦ እንኳን መጣሽ ልጄ። አንቺስ ምን ትያለሽ?

ተማሪዋ፦ ያመጣል ባይ ነኝ። ዐድዋ አለልኛ!

መምህሩ፦ በጎ። ግን ከየካቲት 23 ቀን 1888 አትነሺ፣ ራቅ ብለሽ ጀምሪ። ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የውጫሌን ውል ሲፈራረሙ ጠመንጃ መሰብሰብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከፈረንሳዩም ከጣልያኑም ይገዙ ነበር። ጣልያን በአንቀጽ 17 አሳብቦ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ሲል ግን ወዲያው አልዘመቱም። ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ፣ የተበደሩትን ገንዘብ መለሱ፣ ውሉን አፈረሱ። የክተት አዋጁ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ድል ካደረጉም በኋላ መረብን አልተሻገሩም። ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈረመ፣ ጣልያንም የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለ። ያ ሰላም እስከ 1928 ቆየ።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ተስማማን ማለት ነው።

መምህሩ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። ከዐድዋ አሥር ዓመት በፊት ያ መሣሪያ የት ነበር? እዚህ ነበር፣ አርሲ ላይ። ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የምኒልክ የሸዋ ጦር ዓመት ጠብቆ እየተመላለሰ ወጋን። አባቶቻችን ፈረስ ነበራቸው፣ ጦርና ጋሻ ነበራቸው፣ እንደ ሌንጂሶ ዲጋ ያሉ መሪዎች ነበሯቸው። ጠመንጃ ግን አልነበራቸውም። በ1878 ማብቂያ አዙሌ ላይ የራስ ዳርጌ ጦር ፈጃቸው። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። አኖሌ ላይ ተፈጸመ ስለሚባለው የእጅና የጡት ቆረጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ የአርሲ ሰው ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲነግረው ኖሯል፣ በ2006 ሐውልቱ ሄጦሳ ላይ ቆሟል። አየሽ፣ አገርን ዐድዋ ላይ ያስከበረው መሣሪያ እዚህ መሬት ነጥቋል። ሁለቱም የእኛ ታሪክ ነው፣ አንዱን ይዘሽ ሌላውን አትጣዪ።

ተማሪዋ፦ አርሲ ቢዘጋጅ ኖሮ አይደፈርም ነበር ታዲያ። ይህም እኮ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል።

መምህሩ፦ ለተወጋው ወገን እውነት ነው። የወጋውንስ ጠይቂው፤ ሰላም አገኘ ወይ? መሬቱ ተወሰደ፣ ባለቤቱ ጭሰኛ ሆነ። ዝም ተባለ እንጂ አልታረቀም። የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ እስኪታወጅ ድረስ ቂሙ ከእህሉ ጋር አብሮ ሲዘራ ኖረ። ወደ ውጭ ጠላት የዞረ ጠመንጃና ወደ ራስ ሕዝብ የዞረ ጠመንጃ አንድ አይደሉም። የነገሬ ዋናው ይኸው ነው።

ተማሪዋ፦ ያልተዘጋጀ አገርስ?

መምህሩ፦ ይወረራላ! በ1920 ከጣልያን ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረምን። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ግን የተከፈተው ገና በ1927 ነው። በዓመቱ፣ መስከረም 1928፣ ጣልያን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መጣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣልያን የራሱን ይሠራል፤ የተጎዳነው እኛ ነን። ውል ብቻውን አያድንም። እኔ ራሴ ያየሁትም አለ። ሐምሌ 1969 የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ኦጋዴን የገባው ደርግ መኮንኖቹን ሲበላ፣ አገሩ ሲታመስ አይቶ ነው። ያኔ የገበሬ ልጅ ነበርኩ። ታጠቅ ጦር ሰፈር አሠልጥነው ላኩን፤ ከጎኔ የነበረው ልጅ ጫማ ያጠለቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፣ እግሩ ቆስሎ እያነከሰ ነው የዘመተው። የካቲት 1970 ካራማራ ላይ አሸነፍን። ቀድመን ብንዘጋጅ ኖሮ ግን ስንቱ ልጅ በተረፈ!

ተማሪዋ፦ ከዚያ በኋላ ደርግ በጣም ተዘጋጅቶ ነበር አይደል?

መምህሩ፦ ነበር እንጂ። በአፍሪካ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ሠራዊት። ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ገዛ ወገኑ አዞረው። ግንቦት 1983 ሁሉም ፈረሰ። ባድመንም እይ። ከኤርትራ ጋር ከተዋጋን በኋላ ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ፣ በ1994 ኮሚሽኑ ድንበሩን ወሰነ፣ ውሳኔው መሬት ላይ አልዋለም። እስከ 2010 ድረስ ሁለት ሠራዊት ምሽግ ውስጥ ተፋጠጠ። ሁለቱም ተዘጋጅተዋል፣ ትልቅ ጦርነት አልተነሳም። የድንበሯን ከተማ የዛላምበሳን ነጋዴ ግን ሰላም ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ያቺን በትር አየሻት? የባለቤቴ ሲንቄ ናት። ከሀሮሬሳ እንጨት የተሠራች፣ ቀጭንና ቀጥ ያለች፤ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የተቀበለቻት። ቅቤ ስትቀባ ኖራ ጠቁራለች። ጎሣና ጎሣ ጦር ሲማዘዝ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው መሃል ይገባሉ። ጥሷቸው የሚያልፍ ወንድ የለም፤ ነውር ነው፣ ርግማንም አለው። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የደም ካሳው፣ ጉማ፣ ይከፈላል።

ተማሪዋ፦ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በትር ታንክ አያቆምም።

መምህሩ፦ አያቆምም። በትሯም ብቻዋን ጦር አታቆምም። የሚያቆመው ጠቡ ሳይመጣ ሁሉም አስቀድሞ የተቀበለው ሕግ ነው። እሱም ዝግጅት ነው፤ አገራችን ያልተዘጋጀችው በዚህ ነው። ሰኔ 2012 ሽማግሌዎች የፌዴራሉን መንግሥትና ትግራይን ሊያስታርቁ መቀሌ ድረስ ሄደው ነበር፣ ያለ ፍሬ ተመለሱ። ያኔ ሁለቱም ወገን ልቡ ከጦሩ ጋር ነበር፤ ሽማግሌውን እሺ የሚልበት ቀድሞ የታሰረ ቃል አልነበረም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ተኩስ ተከፈተ። የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ሽምግልናው ከሌላ አገር መጣ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል አልነበር!

ተማሪዋ፦ ለክርክሩ የትኛውን ወገን ልያዝ ታዲያ?

መምህሩ፦ የጀመርሽውን ያዢ፣ ያመጣል በይ። ዐድዋን ስትጠሪ ግን አዙሌን አስቀድሚ። ተከራካሪሽ «ጠመንጃው ወደ ማን ይዞር?» ብሎ ሳይጠይቅሽ አንቺ ጠይቂው።

ተማሪዋ፦ ዳኞቹ ከርዕሱ ወጣች ቢሉኝስ?

መምህሩ፦ ይበሉሽ። ነጥብ ቢቀንሱብሽም ተናገሪው።