የመንገዱ ሰዓትና የበሽታው ሰዓት

በፊዚክስ አንድ ጊዜ ረጅም ነው ወይስ አጭር ብሎ መጠየቅ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ከምን ጋር ሲነጻጸር? ማለት ያስፈልጋል። አንዱን ጊዜ ለሌላው ስናካፍል አሃድ የሌለው ቁጥር እናገኛለን፤ የክስተቱን ጠባይ ብዙውን ጊዜ የሚወስነውም ይኸው ቁጥር ነው። ዘዴውን ለሥራ ከቀየው በሚወጣ ገበሬ ላይ እንሞክረው።

የጉራጌ ገበሬ ለጉልበት ሥራ አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል ወደ እንሰቱ መመለሱ ከምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ልማድ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ ኢንፍሉዌንዛ («የኅዳር በሽታ») ዋና ከተማዋን ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ያን ጊዜ ወደ ወልቂጤ አካባቢ የሚሸሽ ሰው፣ የዛሬውን 155 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ 5 ቀን ይፈጅበታል። የኢንፍሉዌንዛ ድብቅ ጊዜ፣ ማለትም ከተያዙበት ዕለት እስከ ምልክቱ መታየት ያለው ጊዜ፣ በአማካይ 2 ቀን ነው። 5 ለ2 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። ቁጥሩ ከ1 ስለሚበልጥ ተጓዡ የሚወድቀው መንገድ ላይ ነው። ለእርሱና ለሚያሳድሩት መንደሮች መራር ዕጣ ነው፤ ለትውልድ መንደሩ ግን ርቀቱ ራሱ ኬላ ሆነለት።

ኮቪድ-19 በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ መንገዱ በአውቶቡስ 3 ሰዓት ያህል ነበር። የበሽታው ድብቅ ጊዜ በአማካይ 5 ቀን፣ ማለትም 120 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቁጥራችን 0.025 ሆነ፤ ከ1911ዱ 100 ጊዜ ያነሰ! ቡታጅራ ለአዲስ አበባ ይበልጥ ስለምትቀርብ ከዚህም ያንሳል። ሰውየው ጤነኛ መስሎ ቤቱ ይደርሳል፤ ምልክቱ ከመታየቱ 2 ቀን ያህል አስቀድሞም ማስተላለፍ ይጀምራል። በኬላ ግንባር ላይ የሚደገን ቴርሞሜትር ይህን ሰው አያየውም።

ለዚህ ነው ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለው መዝገብ ከቴርሞሜትሩ የሚልቀው። በቡታጅራ በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ጤና ፕሮጀክት ልደትንና ሞትን ብቻ ሳይሆን የነዋሪዎችን መውጣትና መግባት ጭምር መመዝገቡ አርቆ አሳቢነት ነበር።

ከጉራጌ ወጥተን ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ብንሻገር ሦስተኛ ሰዓት ይጨመራል፤ የሰብሉ ሰዓት። ሰሊጥ ሲደርስ ከረጢቱ ይሰነጠቅና ዘሩ ይረግፋል። አጫጆች ከደጋው በብዛት የሚጎርፉትም ለዚሁ ጥቂት ሳምንት ነው። ለኮቪድ የታዘዘው ለይቶ ማቆያ 14 ቀን ነበር። የማቆያው ጊዜ ለአጨዳው ጊዜ ሲካፈል ወደ 1 ይጠጋል፤ በሌላ አነጋገር ሠራተኛው ትእዛዙን ቢያከብር የዓመት ተስፋ ያደረገበት ደመወዝ ያመልጠዋል። ቀለቡና ደመወዙ ሳይታሰብለት ተደበቀ ብሎ መውቀስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ስሌቱን አለማወቅ ነው።

ሌላ መላ ግን አለ። ሥራው ሜዳ ላይ ስለሆነ ዋናው አደጋ ያለው በጋራ መጠለያው ነው። 100 ሰዎች በአንድ ዳስ ቢያድሩ ሊገናኙ የሚችሉት ጥንዶች ቁጥር 100 × 99 ÷ 2 = 4,950 ነው። አሥር አሥር ሆነው በተለያየ ዳስ ቢያድሩና ለየብቻ ቢመገቡ ግን 10 × 45 = 450 ብቻ ይሆናል። አጨዳው አንድ ቀን እንኳ አይስተጓጎልም። አምስት አምስት ቢሆኑስ? አንባቢ ራሱ ያስላው፤ የዳሱንም ወጪ አብሮ ይደምርበት።