ለዓይነ ስውር የሚመች ተንቀሳቃሽ መቅረጸ ድምፅ አመራረጥ በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር

ተንቀሳቃሽ መቅረጸ ድምፅ ድምፅን ቀርጾ የሚያስቀምጥና መልሶ የሚያሰማ፣ በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ሲሆን፣ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚዛንና የቴፒ ግቢዎችም ሆነ በሌላ ትምህርት ቤት ለሚማር ዓይነ ስውር ደብተርም መጽሐፍም ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ገበያ ላይ ካሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ግን ስክሪን አይቶ ለሚጠቀም ሰው የተሠሩ በመሆናቸው፣ መራጩ ስለ ድምፁ ጥራት ከመጠየቁ በፊት መሣሪያው ያለ ዓይናማ እርዳታ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የሚሠራ መሆኑን መመርመር አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ የሥራውን ዓይነት መለየት ነው። የመምህር ገለጻ ለመቅዳት ኤምፒስሪ፣ ማለትም ጆሮ እምብዛም የማያስተውለውን የድምፅ ክፍል በመቀነስ ፋይሉን የሚያሳንሰው ቅርጸት፣ ይበቃል፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ገለጻ 29 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይይዛል። ያልታመቀው ዌቭ የተባለው ቅርጸት በሲዲ ጥራት ለዚያው አንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ለተማሪ ብክነት ቢሆንም፣ እንደ ቤንች ያለ፣ የቃሉ ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለይበትን ቋንቋ ከሽማግሌዎች አንደበት ለሚሰበስብ አጥኚ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የእጅ ፈተና ሲሆን፣ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው። ለዘመዱ የሚገዛ ዓይናማ ዓይኑን ጨፍኖ መሣሪያውን በአንድ እጁ ይያዝና የመቅረጫውን፣ የማቆሚያውንና የማሰሚያውን ቁልፎች በአውራ ጣቱ ይፈልግ፤ ቁልፎቹ በቅርጽ፣ በከፍታ ወይም በርቀት ካልተለያዩ መሣሪያው ወድቋል። በተለይ መቅረጽ መጀመሩንና ማቆሙን በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚያደርግና ሁኔታውን በቀይ መብራት ብቻ የሚያሳውቅ መሣሪያ አደገኛ ነው፤ ተማሪው ቀረጽሁ ብሎ የሁለት ሰዓት ገለጻ ሳይቀረጽ ሊያልፈው ይችላልና። ወደ ጎን ተንሸራቶ የሚቆም ማብሪያ፣ ወይም ለመጀመሪያና ለማቆሚያ የተለያየ የምልክት ድምፅ መኖሩ ይህን ስጋት ያስወግዳል።

ሦስተኛው የድምፅ መሪ ጉዳይ ነው፤ የድምፅ መሪ የሚባለው መሣሪያው የምርጫ ዝርዝሩን፣ የፋይሉን ስምና የባትሪውን መጠን በንግግር የሚነግርበት አሠራር ነው። ዙም የተባለው የጃፓን ኩባንያ (በዚሁ ስም ከሚታወቀው የስብሰባ መተግበሪያ ጋር አንድ አይደለም) በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ኢሴንሺያል የሚል ስም ያላቸው መቅረጫዎች ይህ አሠራር አላቸው፤ የድምፅ መጠን አስቀድሞ ማስተካከልም አይጠይቁም፤ የሚቀርጹት በዌቭ ስለሆነ ግን ፋይሎቻቸው ግዙፍ ናቸው። ሂዩማንዌር የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ቪክተር ሪደር ስትሪም በአንጻሩ በዋነኛነት መጽሐፍ ለማዳመጥ የተሠራ ሲሆን፣ ዴይዚ የተባለውን፣ አድማጩ በምዕራፍና በገጽ እየዘለለ እንዲሄድ የሚያስችለውን የድምፅ መጽሐፍ ቅርጸት ያነባል። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው የማራኬሽ ስምምነት እንዲህ ያለ ተደራሽ ቅጂ የመብቱ ባለቤት ሳይፈቅድ በተወሰነ ሁኔታ እንዲዘጋጅ ስለሚፈቅድ፣ ለብዙ ዓመት የሚማር ሰው ዴይዚን የሚያነብ መሣሪያ ቢመርጥ ይበጀዋል። መሪዎቹ የሚናገሩት አማርኛ አለመሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ፋይሎችንና ማህደሮችን በቁጥር መሰየም ብዙ ችግር ያቃልላል።

አራተኛው የባትሪና የእርጥበት ጉዳይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከሱቅ በሚገዛ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ቻርጅ ብቻ ከሚያደርገው ይመረጣል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግን ድንጋዩ ፈሶ ውስጡን እንዳያበላሽ መውጣት አለበት። ከሸካ እስከ ቤበቃ ዝናብ የሚያዘወትርበት ይህ የደቡብ ምዕራብ ምድር ለኤሌክትሮኒክስ የሚስማማ ባለመሆኑ፣ መሣሪያው በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ይቀመጥ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ የትኛውንም ውድ መሣሪያ ያሸንፋል፤ የቆርቆሮው ጩኸት በመላው ክፍል ስለሚናኝ መድኃኒቱ ማይክሮፎኑን ወደ መምህሩ ማቅረብ ብቻ ነው። በመሆኑም የተለየ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ያለውን መሣሪያ መምረጥ፣ መምህሩንም አስቀድሞ አስፈቅዶ መሣሪያውን በጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ይገባል።

ስልክ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ በእርግጥም ቶክባክ የተባለው የስክሪን አንባቢ ያለው ስልክ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ይሁን እንጂ በመሐል የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል፤ በጣት የሚዳሰስ የመቅረጫ ቁልፍም ስለሌለው ከላይ የተጠቀሰውን የእጅ ፈተና አያልፍም።

መሣሪያው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በዘመድ በኩል የሚመጣ ከሆነ፣ የሞዴሉ ስም፣ የድምፅ መሪው ቋንቋ፣ የባትሪው ዓይነትና የሚቀበለው የሚሞሪ ካርድ መጠን በስልክ ተጠይቆ ይረጋገጥ። ከሱቅ ሲገዛ ደግሞ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ዓይነ ስውሩ ራሱ አምስት ደቂቃ ይቅረጽ፣ ያቁም፣ ባትሪውን አውጥቶ ይመልስ፣ ከዚያም የቀረጸውን ፋይል ያለ ረዳት አግኝቶ ያዳምጥ፤ ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።